ቪክቶር ሁጎ

ቪክቶር ሁጎ (ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1802 – ሜይ 22 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ባለቅኔ፣ ደራሲና ፖለቲከኛ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የሕግንና የድህነትን በደል በሚያሳዩ ታሪካዊ ልብ ወለዶቹ ነው።

ሕይወት

በቤዛንሶን ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሌዎን ሠራዊት የጦር መኮንን ነበር። በ1848 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ የሞት ቅጣት እንዲቀር ተሟገተ። በ1851 ሉዊ ናፖሌዎን ያካሄደውን መፈንቅለ መንግሥት በመቃወሙ ተሰደደ፤ እስከ 1870 በብራስልስ፣ በጀርሲና በገርንዚ ኖረ። የባርነት ተቃዋሚም ስለነበር በ1859 አሜሪካዊው ጆን ብራውን በሞት እንዳይቀጣ ተማጽኗል።

ልብ ወለዶቹ

ልብ ወለዶቹ በሕግ ነፃ የሆነ ሰውም እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚዋረድ ያሳያሉ። «የፓሪሷ ኖትር ዳም» (1831) ታሪኩ የሚፈጸመው በ1482 ነው። መስማት የተሳነው ካዚሞዶ እንደ እርሱ በማይሰማ ዳኛ ይፈረድበታል፤ ኤስመራልዳም ባልሠራችው ወንጀል ትሰቀላለች።

በስደት ሳለ የታተመው «መከረኞቹ» (1862) የሚጀምረው በ1815 ነው። ዣን ቫልዣን ለተራቡ የእህቱ ልጆች ዳቦ በመስረቁ 5 ዓመት ይፈረድበታል፤ ለማምለጥ በመሞከሩ ቅጣቱ እየተጨመረ 19 ዓመት ይታሰራል። ከተፈታም በኋላ ቢጫ የይለፍ ወረቀቱ እስረኛ እንደነበር ስለሚያሳይ ማደሪያ ይነፈጋል። ፋንቲን ደግሞ ያለ ጋብቻ መውለዷ ሲታወቅ ከፋብሪካ ትባረራለች፤ ልጇን ለማሳደግ ጸጉሯንና ጥርሶቿን ትሸጣለች።

ዕረፍት

ሁጎ በፓሪስ አረፈ። በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ በድሆች የሬሳ ሠረገላ ተወስዶ በፓንቴዎን ተቀበረ። የሞት ቅጣት በፈረንሳይ የተሻረው ከ96 ዓመት በኋላ፣ በ1981 ነው።