ከ10 ድራክማ ይልቅ መርከብን ያስመረጠው ቴሚስቶክልስ

በሰላም ጊዜ ለጦር ዝግጅት የሚወጣ ገንዘብ ሁልጊዜ ያከራክራል። ጠላት በዓይን በማይታይበት ወራት ለመርከብና ለምሽግ የሚፈስሰው ሀብት የባከነ ይመስላል፤ ጠላት ደጅ የረገጠ ዕለት ደግሞ ያ ሀብት ቀድሞ አለመውጣቱ ያስቆጫል። ከ2 ሺህ 500 ዓመታት ገደማ በፊት በግሪካውያን ከተማ በአቴና ይህ ክርክር በሕዝብ ጉባኤ ፊት ቀረበ። በአንድ ወገን ለየሰዉ እጅ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ በሌላው ወገን ገና ያልተሠሩ መርከቦች ነበሩ። ሕዝቡ መርከቦቹን እንዲመርጥ ያደረገው ሰው ቴሚስቶክልስ ይባላል።

ቴሚስቶክልስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ524 ዓመት ገደማ ነው። አባቱ ኒዮክልስ በከተማዪቱ ገናና ስም ከነበራቸው ወገኖች አልነበረም፤ እናቱም ከአቴና ውጭ የመጣች እንደነበረች ይነገራል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ቴሚስቶክልስ በልጅነቱ እኩዮቹ ሲጫወቱ እርሱ ለብቻው ተቀምጦ ንግግር ያዘጋጅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ493 የከተማዪቱ ዋና ሹም ሆነ። አቴናውያን እስከዚያ ዘመን መርከቦቻቸውን የሚያቆሙት ፋሌሮን በሚባል ገላጣ የባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። እርሱ ግን ሦስት የተፈጥሮ ወደቦች ያሉትን ፒሬየስን መርጦ ማስመሸግ ጀመረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ490፣ የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ ጦር በማራቶን ሜዳ ወረደ። አቴናውያን በጦረኝነቷ ወደምትታወቀው ወደ ስፓርታ መልእክተኛ ላኩ። ይሁን እንጂ ስፓርታውያን ጨረቃ ሙሉ ሳትሆን ለመዝመት ሃይማኖታዊ ሕጋቸው አልፈቀደላቸውም። ጨረቃዋ ሞልታ ሲደርሱ የአቴናና የጎረቤቷ የፕላታያ ሰዎች ጠላትን መልሰው፣ ከአቴናውያን ወገን የወደቁት 192 ሰዎች በሜዳው ላይ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ብዙዎች የፋርስ ነገር ያበቃ መሰላቸው። ቴሚስቶክልስ ግን ማራቶንን የሚያየው የትልቁ ጦርነት መጀመሪያ አድርጎ ነበር።

በ483 ገደማ በአቴና ግዛት፣ ላውሪዮን በሚባለው ስፍራ፣ ሀብታም የብር ማዕድን ተገኘ። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው የአቴና ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ ለከተማዪቱ የደረሰውን ድርሻ 100 መክሊት ያደርገዋል፤ ይህም ወደ 26 ኩንታል የሚጠጋ ንጹሕ ብር ነው። ይህን ብር በጠባብ ዋሻ ውስጥ በኩራዝ ብርሃን እየቆፈሩ ያወጡት ባሪያዎች ነበሩ፤ በአከፋፈሉ ላይ ግን ቃል አልነበራቸውም። በጊዜው ልማድ እንዲህ ያለው ትርፍ ለዜጎች ይታደል ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ሰው 10 ድራክማ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። ለድሃው ገበሬና ለሸክላ ሠሪው ይህ የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም።

ቴሚስቶክልስ ተነሥቶ ብሩ ለጦር መርከብ እንዲውል ጠየቀ። ፕሉታርክ እንደሚለው በንግግሩ የፋርስን ስም አላነሣም፤ ፋርስ ሩቅ ነበረች፣ ሩቅ ያለ አደጋም ሰውን ከኪሱ አያስወጣም። በዚያ ፋንታ ከአቴና ፊት ለፊት ባለችው ደሴት በአይጊና ላይ የነበረውን የቆየ ቂም አነሣ። የአይጊና መርከቦች የአቴናን ንግድ ያውኩ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ገንዘቡ ለ100 ባለጸጎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መክሊት እየተሰጠ መርከብ እንዲያሠሩበት ተደረገ፤ ውጤቱ ከተማዪቱን ካላስደሰተ ባለጸጎቹ ገንዘቡን ሊመልሱ ነበር። ሕዝቡም ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን መንገድ ተቀብሎ 10 ድራክማውን ተወ።

ይህ ሁሉ የሆነው ብርቱ የፖለቲካ ሽኩቻ በነበረበት ወቅት ነው። አቴናውያን የሚፈሩትን ሰው በገል ላይ ስሙን እየጻፉ ለአሥር ዓመት የሚያስወጡበት ሕግ ነበራቸው። ጻድቁ የተባለው የቴሚስቶክልስ ተቀናቃኝ አሪስቲደስ በ482 በዚህ ሕግ ተሰደደ። ፊደል የማያውቅ አንድ ገበሬ ማንነቱን ሳያውቅ የራሱን የአሪስቲደስን ስም እንዲጽፍለት እንደጠየቀው፣ እርሱም ሳያንገራግር እንደጻፈለት ይተረካል።

መርከቦቹ በሦስት ደርብ የተደረደሩ መቅዘፊያዎች ነበሯቸው። አንዱ መርከብ 170 ቀዛፊዎችን፣ ከመኮንኖችና ከወታደሮች ጋር ወደ 200 ሰዎችን ይይዛል። ለ200 መርከብ 40 ሺህ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። እንጨትና ዝፍት በብር ይገዛል፤ 170 ሰዎች በአንድ ምት እንዲቀዝፉ ማድረግ ግን ልምምድ ይጠይቃል። በመቅዘፊያው ላይ የተቀመጡት ጋሻና ጥሩር መግዛት የማይችሉ ድሆች ዜጎች ነበሩ። ሰው ሲያንስ ባሕርን የማያውቁት የፕላታያ ሰዎች ሳይቀሩ ተሳፈሩ። በመርከቡ ውስጥ ማብሰያም መኝታም ስላልነበረ ቀዛፊዎቹ የሚበሉትና የሚያድሩት ወደ ዳርቻ እየወጡ ነበር።

በ480 የዳርዮስ ልጅ ዜርክሲስ እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ ወደ ግሪክ ዘመተ። ዜርክሲስ ብዙ ሊቃውንት በመጽሐፈ አስቴር ከተጠቀሰው ንጉሥ ጋር አንድ ነው የሚሉት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ በሠራዊቱ ውስጥ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ጽፏል፤ ግሪኮች በዚያ ዘመን በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖሩትን ሕዝቦች ነበር። አቴናውያን ወደ ደልፊ ቤተ ጣዖት ልከው ሲጠይቁ፣ የማይፈርሰው የእንጨት ቅጥር ብቻ እንደሆነ የሚናገር ንግርት ተሰጣቸው። አንዳንዶች ንግርቱ በከተማዪቱ አምባ ላይ ያለውን የእንጨት አጥር ያመለክታል አሉ። ቴሚስቶክልስ ግን የእንጨት ቅጥር የተባሉት መርከቦቹ ናቸው ብሎ አሳመነ።

ወሩ ግን የበዓላት ወር ነበር። በስፓርታ ካርኔያ የሚባለው በዓል የሚከበርበት ጊዜ ስለነበር፣ ንጉሥ ሌዮኒዳስ 300 ስፓርታውያንን ብቻ ይዞ ቀድሞ ወደ ቴርሞፒሌ በር ሄደ፤ ዋናው ጦር ከበዓሉ በኋላ ሊከተል ነበር። ለሌሎቹ ግሪኮችም የኦሎምፒክ በዓል የሚከበርበት ሰሞን ነበር። የፋርስ ሠራዊት ግን የግሪኮችን የበዓል ቀን አልጠበቀም። ሌዮኒዳስና ጓዶቹ ርዳታው ሳይደርስላቸው በበሩ ላይ ወደቁ። በእነዚያው ቀናት በአርቴሚሲዮን ባሕር ላይ የግሪኮች መርከቦች ለሦስት ቀን ተዋጉ፤ ትልቁን ክፍል የያዙት የአቴና መርከቦች ነበሩ። የኦሎምፒክ አሸናፊ የወይራ አክሊል በሚቀዳጅበት ሰሞን ቀዛፊዎቹ የተሰበሩ መርከቦችን እየጠገኑ ነበር።

ቴርሞፒሌ ሲያዝ የአቴና መንገድ ተከፈተ። ሕዝቡ ቤቱን ዘግቶ፣ ማሳውንም ትቶ ወጣ። ሴቶችና ሕፃናት ወደ ትሮይዜን፣ ወደ አይጊናና ወደ ሳላሚስ ተሻገሩ። የትሮይዜን ሰዎች ስደተኞቹን በቀን ሁለት ኦቦል እየቆረጡ ቀለቧቸው፤ ልጆቹም ከየትኛውም ዛፍ ፍሬ እንዲቀጥፉ ፈቀዱ። በመርከብ ለሚሳፈረው ለእያንዳንዱ ሰው የአርዮስፋጎስ ሸንጎ 8 ድራክማ ሰጠ። ከሦስት ዓመት በፊት 10 ድራክማውን የተወ ዜጋ አሁን 8 ተቀብሎ፣ ቤተሰቡን ሸኝቶ ወደ መቅዘፊያው ወረደ። አሪስቲደስና ሌሎችም ስደተኞች በዚያው ዓመት እንዲመለሱ ተፈቀደ። ከተማዪቱ ተቃጠለች፤ በአምባው ላይ ከእንጨት አጥራቸው ጀርባ የቀሩትም ተገደሉ።

መስከረም ሲገባ የእህል አምላክ ለሚሏት ለዲሜትር የሚደረገው ታላቅ በዓል ደረሰ። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ከአቴና ተነሥቶ በእግሩ ወደ ኤሌውሲስ ይጓዝ ነበር። በዚያ ዓመት መንገዱ ባዶ ሆነ፤ በዓሉን የሚያከብሩት ወንዶች ከኤሌውሲስ ማዶ በሳላሚስ ደሴት ዳርቻ በመርከቦቻቸው አጠገብ ሰፍረው ነበር። ሄሮዶቱስ በመዘገበው ትረካ መሠረት፣ ከፋርስ ወገን የነበሩ ሁለት ግሪኮች ሰው በሌለበት በዚያ ሜዳ 30 ሺህ ሰው የሚያስነሣው የሚመስል አቧራ አዩ፤ የበዓሉንም ዝማሬ ሰሙ፤ አቧራውም ደመና ሆኖ ወደ ሳላሚስ ሄደ። ትረካው አቴናውያን በዚያ ዓመት ስለቀረባቸው በዓል ምን ያህል ያስቡ እንደነበር ያሳያል።

በሳላሚስ የተሰበሰቡት የግሪክ አዛዦች ግን አልተስማሙም። የደቡብ ሰዎች ወደ ቆሮንቶስ ልሳነ ምድር አፈግፍገው የየአገራቸውን ደጅ ለመጠበቅ ፈለጉ። ቴሚስቶክልስ ሰፊ ባሕር ብዙ መርከብ ላለው ለጠላት እንደሚመች፣ ጠባቡ ሰርጥ ግን ለጥቂቶቹ እንደሚጠቅም አስረዳ። አቴናውያን ተጥለው ከቀሩ ቤተሰቦቻቸውን ጭነው ወደ ኢጣልያ እንደሚሄዱም አስጠነቀቀ። ያም አልበቃ ሲል የልጆቹን ሞግዚት ሲኪኖስን በድብቅ ወደ ፋርሶች ልኮ፣ ግሪኮች ሊያመልጡ ነውና መውጫውን ዝጉ የሚል መልእክት አደረሰ። ዜርክሲስ አመነ። የፋርስ መርከቦች መውጫውን ሲጠብቁ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲቀዝፉ አደሩ።

በማግሥቱ የደከመው ሰፊ የመርከብ ኃይል በጠባቡ ሰርጥ ውስጥ ገባ። ከፊት ያለው መመለስ ሲሻ ከኋላ ያለው እየገፋው እርስ በርሱ ተላተመ። ሄሮዶቱስ ከጠቀሳቸው 378 የግሪክ መርከቦች 180ዎቹ የአቴና ነበሩ። ንጉሡ ከኮረብታ ሥር በዙፋኑ ተቀምጦ የመርከቦቹን ጥፋት ተመለከተ። መርከባቸው የሰጠመባቸው ግሪኮች ወደ ሳላሚስ ዋኝተው ሲወጡ፣ ዋና የማያውቁ ብዙ የፋርስ ሰዎች በባሕሩ ቀሩ። ዜርክሲስም አብዛኛውን ሠራዊቱን ይዞ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት የቀረው የፋርስ ጦር አቴናን ዳግም ሲይዝ፣ ስፓርታውያን ሂያኪንቲያ የተባለ በዓላቸውን እያከበሩ ነበርና የዘመቻውን ነገር ለቀናት አጓተቱ፤ በመጨረሻ ግን ዘምተው በፕላታያ ሜዳ ከሌሎቹ ጋር ድል አደረጉ።

ቴሚስቶክልስ ከድሉ በኋላም እጁን አላጣጠፈም። አቴና ቅጥሯን መልሳ እንዳትሠራ ስፓርታ ስታሳስብ፣ እርሱ ራሱ መልእክተኛ ሆኖ ሄዶ በነገር እያዘገየ፣ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ቀን ከሌት እየሠራ ቅጥሩ እንዲነሣ አደረገ። የፒሬየስን ምሽግ አስፈጸመ፤ በየዓመቱም 20 አዳዲስ መርከቦች እንዲሠሩ ማስወሰኑን ዲዮዶሮስ ጽፏል። ነገር ግን በገንዘብ ወዳድነትና ራሱን በማወደስ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱም ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በ471 ገደማ ሕዝቡ በእርሱም ላይ ገል አነሣ። ቅርስ ቆፋሪዎች በአቴና አምባ ሰሜናዊ ተዳፋት ከአንድ ጉድጓድ 190 ያህል ስሙ የተጻፈባቸው ገሎች አግኝተዋል። ጽሕፈታቸው ሲመረመር የጥቂት ሰዎች እጅ ሆኖ መገኘቱ፣ ተቃዋሚዎቹ ገሎቹን አስቀድመው አዘጋጅተው እንደነበር ያመለክታል።

በስደት ሳለ ከፋርስ ጋር ተመሳጥሯል ተብሎ ተከሰሰ። ከአገር አገር ሲሸሽ ኖሮ በመጨረሻ ወደ ዜርክሲስ ልጅ፣ ብዙዎች የነህምያ ንጉሥ ነው ወደሚሉት ወደ አርጤክስስ ደረሰ። የፋርስን ቋንቋ በአንድ ዓመት ተማረ። ንጉሡም የሦስት ከተሞችን ግብር ሰጠው፤ ማግኔዥያን ለእንጀራው፣ ላምፕሳኮስን ለወይን ጠጁ፣ ሚዩስን ለወጡ። በዚያም በ459 ገደማ በ65 ዓመቱ ሞተ። ቱኪዲደስ በሕመም እንደሞተ ይጽፋል፤ ሌሎች በአገሩ ላይ ከመዝመት መርዝ መጠጣትን መረጠ ይላሉ። በክህደት የተከሰሰ ሰው በአገሩ አፈር አይቀበርምና፣ ዘመዶቹ አፅሙን በስውር አምጥተው በአቴና ምድር እንደቀበሩት ይነገራል።

እርሱ ቢሰደድም መርከቦቹ ቀሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀዛፊዎቹ ቀሩ። ከሳላሚስ በፊት በአቴና ጉዳይ ላይ የሚደመጠው ፈረስና ጋሻ ያለው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማዪቱ የቆመችው በመቅዘፊያ በተላላጠ መዳፍ መሆኑን ባለጸጎቹም ሊክዱ አልቻሉም፤ የድሃው ድምፅ በጉባኤው እየበረታ ሄደ። በቀጣዮቹ ዓመታትም የዲሜትር በዓል በደረሰ ቁጥር ሕዝቡ በዚያው መንገድ ወደ ኤሌውሲስ ተጓዘ።