ፍሮይድ በፓሪስ፤ አራት ወር ተኩል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1885 ፓሪስ የገባው የ29 ዓመት ወጣት ሐኪም ኪሱ ሳሳ ያለ ነበር። የቪየና ዩኒቨርሲቲ የሰጠው የጉዞ ድጎማ 600 ጉልደን ሲሆን ለዚያች ውድ ከተማ የሚበቃ አልነበረም። ፈረንሳይኛውም ቢሆን የመጽሐፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ ያነበዋል እንጂ ለመናገር ሲሞክር አይታዘዝለትም። ያረፈው ፓንቴዮን አካባቢ፣ ተማሪ በሚበዛበት ሠፈር በሚገኝ ትንሽ ሆቴል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕዝብ በሚተራመስበት ጎዳና ብቻውን ሲሄድ ሆድ ባሰው። ፂሙ፣ የሐር ባርኔጣውና ጓንቱ ባይዙት ኖሮ እዚያው መንገድ ላይ ያለቅስ እንደነበር ለእጮኛው ጽፎላታል።

ይህ ሰው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ያኔ ግን ስሙን የሚያውቁት የሆስፒታል ባልደረቦቹና ጥቂት የነርቭ ተመራማሪዎች ብቻ ነበሩ።

ፍሮይድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ ፍራይበርግ በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። አይሁዳዊው አባቱ የሱፍ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ አልሰምር ሲለው ቤተሰቡን ይዞ ቪየና ገባ። ልጁ በ1873 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሐኪምነት የተመረቀው በ1881 ነው። ስምንት ዓመት የፈጀበት ሰንፎ ሳይሆን ከፕሮፌሰር ብሩክ ቤተ ሙከራ አልወጣ ብሎ ነው። እዚያ ተቀምጦ የእንስሳት ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ይውል ነበር። በ1882 ማርታ በርናይስን ሲያጭ ግን ሒሳቡ ተለወጠ። ብሩክ ራሳቸው በዚህ ሥራ ኑሮ መመሥረት እንደማይችል መከሩት። እሱም ወደ ቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ገብቶ፣ ልክ እንደ ዛሬዎቹ ኢንተርን ሐኪሞች፣ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ መሥራት ጀመረ። ማርታ ደግሞ ሃምቡርግ አጠገብ ከእናቷ ጋር ሆና ጠበቀችው። ጥበቃው ከአራት ዓመት በላይ ወስዷል።

ለማግባት ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ስም ያስፈልጋል። ፍሮይድ ስሙን በአቋራጭ ሊያገኘው ሞክሮ ነበር። በ1884 ስለ ኮኬይን ጥቅም የሚያወድስ ጽሑፍ አሳተመ። እጮኛውን ሊጠይቅ በሄደበት ወቅት ግን ባልደረባው ካርል ኮለር ኮኬይን ዓይንን አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስችል አረጋገጠና ዝናው የእሱ ሆነ። ይባስ ብሎ፣ ፍሮይድ ከሞርፊን ሱስ ያላቅቀዋል ብሎ ኮኬይን የሰጠው የቅርብ ጓደኛው የሁለተኛ ሱስ ምርኮኛ ሆነ። የፓሪሱ ድጎማ የተገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በብሩክ ብርቱ ድጋፍ ነበር።

የሄደው የነርቭ ሕክምናን ከዣን ማርተን ሻርኮ ለመማር ነው። ሻርኮ የሚያስተምሩበት ሳልፔትሪየር ሆስፒታል በጥንት ዘመን የባሩድ መሥሪያ የነበረ፣ ኋላ ግን ድሆችና መጠጊያ የሌላቸው ሴቶች የሚከማቹበት ግዙፍ ግቢ ነው። ሌላው ሐኪም የሚሸሸውን ይህን ቦታ ሻርኮ የነርቭ በሽታ ትምህርት ቤት አደረጉት። ማክሰኞ ማክሰኞ አስቀድመው ያላዩትን በሽተኛ አስመጥተው ተማሪ ፊት ይመረምራሉ፤ ሲሳሳቱም በአደባባይ ይሳሳታሉ። ፕሮፌሰር የማይደፈርባት ቪየና ውስጥ ላደገው ፍሮይድ ይህ ራሱ ትምህርት ነበር።

ጅምሩ ግን አላማረም። ፍሮይድ ያቀደው ሻርኮን ለመከተል ብቻ አልነበረም፤ የሕፃናትን አንጎል በማይክሮስኮፕ ማጥናትም ፈልጎ ነበር። የተሰጠው ቤተ ሙከራ ለዚህ የሚመች ሆኖ አላገኘውም። በሻርኮ ዘንድም ከየአገሩ ከሚጎርፉት እንግዶች አንዱ ነው፤ የትውውቅ ደብዳቤውን አቅርቦ በወግ ተቀበሉት፣ ከዚያ በኋላ ልብ ያለው የለም። በትርፍ ጊዜው የኖትርዳም ማማ ላይ ይወጣል፣ ሉቭር ገብቶ የግብፅና የአሦር ቅርሶችን ያያል፣ ሲመሽ ለማርታ ይጽፋል። ለልምምድ ትልቅ ከተማ ሄዶ ጥግ ላይ ተረስቶ የተቀመጠ ሰው ሁኔታው ይገባዋል።

መላ የተገኘው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። አንድ ቀን ሻርኮ፣ ትምህርቶቻቸውን ወደ ጀርመንኛ ይመልስላቸው የነበረው ሰው ከጦርነቱ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ሲናገሩ ፍሮይድ ሰማ። ወዲያው ልተርጉም የሚል ደብዳቤ ጻፈላቸው። ፈረንሳይኛ መናገር እንደሚያቅተው እንጂ መረዳት እንደማያቅተውም በሕክምና ቋንቋ እያሾፈ ገለጸላቸው። በታኅሣሥ ወር ፈቃዱ መጣ። ትርጉሙ በ1886 የፈረንሳይኛውን መጽሐፍ ቀድሞ ገበያ ላይ ዋለ። የሚገርመው፣ በሩን የከፈተለት የተመራማሪነት ችሎታው ሳይሆን የሚያሳፍረው ያ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፍሮይድ ቤተኛ ሆነ። በጥር 1886 ሻርኮ በሴን ዠርሜን ጎዳና በሚገኘው የተንጣለለ ቤታቸው ሲጋብዙት ነጭ ሸሚዝና ጓንት ገዛ፣ ፀጉሩንና ፂሙን አስተካከለ። ፍርሃቱን ለማባረርና ምላሱን ለማፍታታትም ኮኬይን ወሰደ። ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለማርታ የጻፈው ራሱ ነው።

ዋናው ነገር ግን እዚያ ሆስፒታል ያየው ነው። ሂስቴሪያ ያኔ የሴት ማስመሰል እየተባለ ይናቅ ነበር። ሻርኮ በወንዶችም ላይ እንደሚታይ አሳዩ፤ በባቡር ወይም በሥራ ላይ አደጋ ደርሶባቸው፣ የሚታይ ጉዳት ሳይኖርባቸው እጃቸው ሽባ የሆነ ሠራተኞችን አቀረቡ። ቀጥለውም አንዲትን በሽተኛ በሂፕኖቲዝም አደንዝዘው በቃል ትእዛዝ ብቻ ተመሳሳይ ሽባነት አመጡባት። እንግዲህ ሐሳብ ብቻውን ክንድ ማሰር ይችላል ማለት ነው!

ፍሮይድ ይህን ይዞ ራቅ ብሎ ሄደ። የነርቭ ጉዳት ያመጣው ሽባነት ነርቩ የሚሄድበትን መስመር ይከተላል። የሂስቴሪያ ሽባነት ግን ስለ ነርቭ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ክንድን ተራ ሰው ክንድ ብሎ በሚያስበው መልክ፣ እጅጌ በሚጀምርበት ቦታ ይቆርጠዋል። በሽታው ሕዝቡ ስለ አካል ያለውን አስተሳሰብ ይከተላል እንጂ የአናቶሚ መጽሐፍን አይከተልም። ከሻርኮ ጋር የተነጋገረበት ይህ ጥናት በፈረንሳይኛ የታተመው በ1893፣ ሻርኮ በሞቱበት ዓመት ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ አንጎል ሊቆርጥ የሄደው ሰው የበሽተኛውን ሐሳብ መመርመር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሻርኮ በሁሉም ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። በሽተኞቹ ምን እንደሚጠበቅባቸው ለምደው፣ የታዳሚውን ዓይን እያዩ ያን ትርኢት ያሳዩ እንደነበር በኋላ ተጽፏል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ የገዛ ደቀ መዛሙርታቸው ትምህርታቸውን አርመውታል።

ፍሮይድ በየካቲት 1886 መጨረሻ ፓሪስን ለቆ፣ በርሊን ጥቂት ሳምንታት የሕፃናት በሽታ ተምሮ ቪየና ተመለሰ። ለዩኒቨርሲቲው ባቀረበው ሪፖርት ስለ ማይክሮስኮፕ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ሰፊው ስለ ሻርኮና ስለ ሂስቴሪያ ነው። በፋሲካ ዕለት የግል ክሊኒኩን ከፈተ፣ በመስከረምም ማርታን አገባ።

ኦክቶበር 15 ቀን 1886 በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ወንድ ሂስቴሪያ ተናገረ። እሱ በስተርጅና በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሽማግሌዎቹ ሐኪሞች አላምን ብለው እንዳዋረዱት ይተርካል። የስብሰባውን መዛግብት ያገላበጡ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ሐኪሞች ወንድ ሂስቴሪያን አስቀድመው ያውቁት ነበር፣ ያላገኙት አዲስ ነገር ነው። ከውጭ አገር ብርቅ ነገር ይዤ መጣሁ ብሎ የሚመለስ ወጣትና እናውቀዋለን የሚሉ አለቆች ሲገናኙ፣ ወጣቱ የሚያስታውሰው ውርደቱን ብቻ መሆኑ አያስደንቅም።

ፍሮይድ በ1889 የተወለደውን የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ዣን ማርቲን ብሎ በሻርኮ ስም ጠራው። ሂፕኖቲዝምን ቀስ በቀስ ተወው፤ በሽተኛውን አስተኝቶ ማዘዙን ትቶ በሽተኛው ያሻውን ሲናገር ማዳመጥ ያዘ። የሕልም መጽሐፉና የቀረው ዝናው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በሰኔ 1938 ናዚዎች ከያዟት ቪየና ሸሽቶ ወደ ለንደን ሲሄድ፣ የ82 ዓመቱ ፍሮይድ ጥቂት ሰዓታት ፓሪስ ላይ አረፈ። አብሮት ለንደን ከደረሰው ንብረት መካከል ሻርኮ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አንዲት ራሷን የሳተች ሴት ሲያሳዩ የሚታዩበት የሥዕል ቅጂ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ፍሮይድ የሞተው በዚያው በለንደን ቤቱ ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሲሆን ሥዕሉም በሽተኞቹ ይጋደሙበት ከነበረው ሶፋ በላይ ተሰቅሏል።