አባ ቼኦልፍሪትና ያልታጎለው ምስጋና

ምስጋና በሰው ብዛት ብቻ የሚጸና የሚመስለው ቢኖር የአባ ቼኦልፍሪትን ታሪክ ይመልከት። እኒህ አባት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ642 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር ተወልደው፥ በ18 ዓመታቸው ገዳም ገብተው፥ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት ተምረው፥ የጃሮው ገዳም አበ ምኔት ሆኑ።

በ686 ዓ.ም. ገደማ ቸነፈር ገብቶ ማንበብና መዘመር የሚችሉትን መነኮሳት ፈጀ፤ የተረፉት አበ ምኔቱና አንድ ሕፃን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከነግህና ከሠርክ ጸሎት በቀር ዳዊቱ ያለ አዝማች እንዲደገም አዘዙ። ነገር ግን የሥርዓቱን መጉደል ከአንድ ሳምንት በላይ ሊታገሡት አልቻሉም፤ እያለቀሱ ሙሉውን ሥርዓት መለሱት፤ ሌሎች ተምረው እስኪተኩም ድረስ ከሕፃኑ ጋር በብዙ ድካም ፈጸሙት። ያ ሕፃን ኋላ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው ቤዳ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ገዳሙም በጸሐፍት በርትቶ፥ አባ ቼኦልፍሪት ሦስት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በብራና አስጻፉ። አንዱን ለሮም ሊያበረክቱ በ716 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ተነሥተው፥ ከመንገድ ላይ በላንግር ከተማ ዐረፉ። ብራናው ዛሬ በፍሎረንስ ይገኛል።

እንግዲህ አገልጋይ ባነሰበት ደብር ሁሉ፥ ሥርዓቱን ከማሳጠር ይልቅ አጠገብ የቆመውን ሕፃን ማስተማር እንዲቀድም ልብ እንበል።