አባ ቤኒቶ ቪኜስ፤ ደመና ተመልክተው ዐውሎ ነፋስን አስቀድመው ያስታወቁ ሊቅ

በክረምት ወራት በኮልፌ 18 ማዞሪያ የቆመ ሰው ወደ ሰማይ ሳያይ መንገድ አይጀምርም። ደመናው በወጨጫ ተራራ ላይ የጠቆረ እንደ ሆነ የመንገድ ዳር ነጋዴ ዕቃውን በላስቲክ ይሸፍናል፤ እናት የታጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ ታነሣለች፤ ተማሪውም ደብተሩን በጉያው ሸጉጦ ይሮጣል። ደመናን ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን ያየውን በየዕለቱ የሚጽፍ፣ የጻፈውን የሚያመዛዝን፣ የተረዳውንም ለወገኑ በጊዜው የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። በዚህ መጽሔት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ አባ ቤኒቶ ቪኜስ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። እርሳቸው ይጠባበቁት የነበረው ግን እንደኛ ዝናምን ሳይሆን ሁሪኬን የሚባለውን የባሕር ዐውሎ ነፋስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ቤኒቶ በእስፓኝ አገር፣ በካታሎንያ ግዛት፣ ፖቦሌዳ በምትባል ትንሽ መንደር ሴፕቴምበር 19 ቀን 1837 ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1868 በእስፓኝ አገር አብዮት ስለ ተነሣ የማኅበሩ ሰዎች ተሰደዱ፤ እርሳቸውም ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። በ1870 ደግሞ በዚያን ጊዜ የእስፓኝ ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ኩባ ተላኩ። በሐቫና ከተማ በማኅበራቸው ይመራ በነበረው በቤሌን ትምህርት ቤት የአየር ጠባይ መመልከቻውን እንዲመሩ ተሾሙ። ቤሌን ማለት በእስፓኝ ቋንቋ ቤተ ልሔም ማለት ነው። ልብ በሉ! ይህ መመልከቻ የሚገኘው በቤተ መንግሥት ወይም በጦር ሠፈር ሳይሆን፣ እንደኛ ያሉ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። በአገራችንም በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን የዚሁ ማኅበር ሰው ነበሩ።

ሁሪኬን በሞቃት ባሕር ላይ የሚወለድ፣ እንደ እንዝርት እየሾረ የሚጓዝ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ነው። ቤት ያፈርሳል፣ መርከብ ያሰጥማል፣ ባሕሩንም ወደ ከተማ ይነዳል። በ1846 በሐቫና የደረሰው ብዙ ሰው ፈጅቶ፣ ብዙ ቤትና መርከብ አጥፍቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ሳተላይት የለም፤ በባሕር መካከል ያለ መርከብም ወሬ የሚልክበት ሬዲዮ የለም። ስለዚህ ሕዝቡ መቅሠፍቱን የሚያውቀው ከደጁ ሲደርስ ብቻ ነበር።

አባ ቤኒቶ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ከእርሳቸው በፊት በመመልከቻው የተመዘገበውን ሁሉ ሰብስበው ማጥናት ነው። ከዚያም በኋላ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ፣ ቀን ከቀን፣ ባሮሜትሩን፣ ነፋሱንና ደመናውን እያዩ ይጽፉ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ዓይናቸውን የጣሉት ከፍ ብሎ በሚታየው፣ እንደ ላባ በቀጠነው ነጭ ደመና ላይ ነው። የአገሩ ሰዎች የአውራ ዶሮ ጅራት ይሉታል። ይህ ደመና ጭረቱ ሁሉ ከአድማስ ከአንድ ነጥብ የተነሣ መስሎ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ በታየ ጊዜ፣ የዐውሎ ነፋሱ እምብርት ገና በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ሳለ በዚያው ነጥብ አቅጣጫ እንዳለ ተረዱ። ነጥቡ በየሰዓቱ ቦታውን ሲለውጥ ዐውሎ ነፋሱ ወዴት እንደሚያልፍ ይታወቃል፤ ሳይለወጥ ከቀረ ግን ወደ ተመልካቹ እየመጣ ነውና ያን ጊዜ መፍራት ይገባል።

ደግሞም ደመናው በየከፍታው የተለያየ ጉዞ እንዳለው አስተዋሉ። ከምድር አጠገብ ያለው ነፋስ ወደ እምብርቱ እየተጠጋ ይዞራል፤ ዝናም የተሸከመው ዝቅተኛ ደመና እምብርቱን ይከባል፤ ከሁሉ በላይ ያለው ላባ መሳዩ ደመና ግን ከእምብርቱ ወደ ውጭ ይበተናል። እንግዲህ የደመናውን ድርብርብ ለይቶ ያየ ሰው፣ ከማይታየው ዐውሎ ነፋስ በታች ሳይደርስ አካሄዱን ሊያውቅ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት የተፈተነው በ1875 ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን አባ ቤኒቶ ሁሪኬን እየመጣ መሆኑን በሐቫና ጋዜጦች አስነገሩ። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር ቀላል አልነበረም፤ ትንቢቱ ባይደርስ ሰው ሁሉ ይስቅባቸው ነበርና። ከ2 ቀን በኋላ ግን ዐውሎ ነፋሱ የኩባን ደቡብ ዳርቻ መታ፤ ቃላቸውን ሰምቶ የተጠነቀቀ ብዙ ሰው ዳነ። ያው ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ተሻግሮ በቴክሳስ የኢንዲያኖላን የወደብ ከተማ አፈራረሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ዐውሎ ነፋሶች ኩባንና ፖርቶ ሪኮን መቱ። አባ ቤኒቶም በመመልከቻቸው አልተቀመጡም፤ ጥፋቱ ወደ ደረሰበት ቦታ ሄደው የወደቀው ዛፍ ወዴት እንደ ወደቀ፣ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደ ዞረ ሰዎችን እየጠየቁ መዘገቡ። የ1875 እና የ1876 ዐውሎ ነፋሶችን የሚተርከው መጽሐፋቸው በ1877 ታተመ። ከዚያም በአንቲልስ ደሴቶች ያሉ ተመልካቾች ያዩትን በቴሌግራፍ ወደ ሐቫና እንዲልኩላቸው አደረጉ። በ1888 የመርከብ አለቆች ከደመናው አካሄድ ተነሥተው የዐውሎ ነፋሱን እምብርት የሚፈልጉበት፣ ሲክሎኖስኮፕ የተባለ የሚዞር ገበታ ያለው መሣሪያ አወጡ። በ1893 በቺካጎ ለሚደረገው የአየር ጠባይ ሊቃውንት ጉባኤ የመጨረሻ ጽሑፋቸውን አዘጋጅተው፣ ጉባኤው ሳይከፈት ጁላይ 23 ቀን በሐቫና ዐረፉ።

የሥራቸው ዋጋ ከሞቱ በኋላ ይበልጥ ተገለጠ። ከ1898ቱ ጦርነት በኋላ ኩባን የያዙት አሜሪካኖች ነበሩ። በ1900 የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሹማምንት የኩባ ተመልካቾችን ዕውቀት ንቀው፣ ስለ ዐውሎ ነፋስ የሚልኩትን ቴሌግራም አስከለከሉ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አንድ ዐውሎ ነፋስ ኩባን አለፈ። በቤሌን የአባ ቤኒቶ ተተኪ የነበሩት አባ ሎሬንሶ ጋንጎይቴ ወደ ቴክሳስ እንደሚሄድ ሲገምቱ፣ በዋሺንግተን ያሉት ግን ወደ ፍሎሪዳ ይታጠፋል ብለው ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን የቴክሳስ ከተማ ጋልቬስተን በባሕር ተዋጠች፤ ቢያንስ 6,000 ሰው አለቀ። ዕውቀቱ ነበረ፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰለን። አባ ቤኒቶ ከሞቱ በኋላ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋዎችና ከሱዳን ዳርፉር በላይ ከሚነሣው ነጎድጓዳማ ደመና የአየር ሞገድ ይወለዳል፤ ሞገዱም አፍሪካን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። አብዛኛው በመንገድ ይጠፋል፤ ጥቂቱ ግን ሁሪኬን ይሆናል፤ ከብርቱዎቹም የሚበዙት የሚመነጩት ከእንዲህ ያለው ሞገድ ነው። እንግዲህ እኛ ከዝናም ስንሸሽ የምናየው የክረምት ደመና ከሐቫና ሰማይ ጋር ዝምድና አለው።

ዛሬ ሳተላይት ደመናውን ከላይ ያየዋል። ቢሆንም አባ ቤኒቶ ያስተማሩን አልተሻረም። ሥራቸውን የጀመሩት በትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ፣ በዓይናቸው፣ በባሮሜትርና በመዝገብ ደብተር ነበር። ዓይንና ደብተር ለእኛም አልተነፈጉንም። ከመካከላችን አንዱ ወይም አንዷ በሚመጣው ክረምት በየማለዳው ወደ ወጨጫ አይተው የደመናውን መልክና አካሄድ ቢጽፉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለዚህ መጽሔት ትልቅ ስጦታ ይሆናል።