ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል

ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል (ሴፕቴምበር 22 ቀን 1750 – ኤፕሪል 7 ቀን 1816 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ መምህርና የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። የአበባ ቀለም፣ ሽታና ቅርጽ ነፍሳትን ለመሳብና ብናኝን ከአበባ ወደ አበባ ለማድረስ እንደሚያገለግሉ በብዙ መቶ ዕፅዋት ላይ ባደረገው ምልከታ በማሳየቱ የርክበ ብናኝ ጥናት መሥራች ከሚባሉት አንዱ ነው። በኖረበት ዘመን ግን ግኝቱን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ይኸው ግኝት ዛሬ በኢሉባቦር፣ በመቱና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አካባቢ፣ ቡናና ንብ ለምን አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ሽፕሬንገል የተወለደው በሐፈል ወንዝ ዳር በምትገኘው የብራንደንቡርግ ከተማ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እርሱም በሐለ ዩኒቨርሲቲ ሥነ መለኮት ከተማረ በኋላ በ1774 በበርሊን ማስተማር ጀመረ። በ1780 በዚያን ጊዜ በበርሊን አጠገብ በነበረችው በሽፓንዳው ከተማ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ወደ ዕፅዋት ጥናት የገባው በዚያ ሳለ፣ ኤርንስት ሉድቪግ ሃይም የተባለ ሐኪም ስለ ዕፅዋት እንዲያጠና ካበረታታው በኋላ ነው።

ምልከታዎቹ

በ1787 ሽፕሬንገል የዱር ጄራንየም አበባ ሲመለከት፣ ከአበባው ቅጠሎች ሥር ጥቃቅን ፀጉሮች አየ። ፀጉሮቹ በአበባው ውስጥ ያለው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ማለትም ኔክታር፣ በዝናብ እንዳይበረዝ ይከላከላሉ ብሎ ደመደመ። ፈሳሹ የሚጠበቀው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ነፍሳት መራው።

በተከታዩ ዓመት ሚዮሶቲስ በተባለች ትንሽ ሰማያዊ አበባ ላይ፣ በመግቢያዋ ዙሪያ ያለውን ቢጫ ቀለበት አስተዋለ። ቀለበቱ ለነፍሳት ወደ ኔክታሩ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ ምልክት መሆኑን ተረዳ። ከዚህም በመነሣት የሥራ ክፍፍሉን አስቀመጠ፦ የአበባው ደማቅ ቀለምና ሽታ ነፍሳትን ከሩቅ ይጠራሉ፤ ነጠብጣቦቹና መስመሮቹ ከቅርብ ይመራሉ፤ ኔክታሩ ደግሞ የድካም ዋጋ ነው። ነፍሳቱ ኔክታሩን ሲቀስሙ በገላቸው ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ወደ ሌላ አበባ ያደርሳሉ። በምሽት የሚከፈቱ አበቦች ምልክት እንደሌላቸው፣ በጨለማ እንዲታዩ ግን ሰፊና ነጣ ያሉ እንደሆኑም ጻፈ። በነፋስ የሚራቡ ዕፅዋት በበኩላቸው ቀለምም ሽታም ሳያስፈልጋቸው፣ ቀላል ብናኝ በብዛት ይበትናሉ።

ኤፒሎቢየም በተባለ ተክል ላይ ደግሞ የአበባው ወንዴ ክፍል ከሴቴው ቀድሞ እንደሚበስል አየ። በዚህ ምክንያት አበባው በራሱ ብናኝ ሊራባ አይችልም፤ ከሌላ አበባ የሚያመጣለት ያስፈልገዋል። አንዳንድ ኦርኪዶችም ኔክታር ሳይኖራቸው በመልካቸው ብቻ ነፍሳትን እንደሚያታልሉ ገለጸ።

መጽሐፉና የገጠመው ተቃውሞ

በ1793 ምልከታዎቹን ሰብስቦ በበርሊን አሳተመ። ስለ አበቦች አሠራርና መራባት የተገለጠ የተፈጥሮ ምሥጢር የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ 461 የዕፅዋት ዝርያዎችን የሚዳስስ ሲሆን፣ 25 የሥዕል ገጾች አሉት። በዘመኑ ግን ወንዴና ሴቴ በአንድ አበባ ውስጥ ካሉ አበባው ራሱን በራሱ ያራባል የሚለው እምነት የጸና ነበር። ጎተም የሽፕሬንገልን አስተሳሰብ ለተፈጥሮ የሰው ልጅ ብልሃት የሚሰጥ ነው ብሎ አልተቀበለውም።

በዚሁ ጊዜ ሽፕሬንገል የትምህርት ቤት ሥራውን ቸል ይላል ተብሎ ከበላዮቹ ጋር ይጋጭ ነበር። በ1794 በአነስተኛ ጡረታ ከሥራ ተሰናበተ። ወደ በርሊን ተመልሶ የግል ትምህርት እየሰጠ በብቸኝነት ኖረ። የአበባ ጥናቱ ሁለተኛ ክፍል አልታተመም።

በ1811 ስለ ንብ ርባታ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አወጣ። የንብ ትልቁ ጥቅም ማርና ሰም ሳይሆን ሰብልን ማራባት እንደሆነ፣ መንግሥትም ንብ እርባታን ማስፋፋት እንደሚገባው ተከራከረ። ከአምስት ዓመት በኋላ በበርሊን ሞተ። መልኩን የሚያሳይ ሥዕል አልተገኘም፤ መቃብሩም አይታወቅም።

ከሞተ በኋላ

በ1841 ቻርለስ ዳርዊን በሮበርት ብራውን ምክር መጽሐፉን አነበበና ብዙ ምልከታዎቹን በራሱ ዓይን አረጋገጠ። ሽፕሬንገል አበቦች ከሌላ ተክል ብናኝ የሚሹበትን ምክንያት አላብራራም ነበር፤ ዳርዊን ግን በ1876 ባሳተመው ጥናት ከሌላ ተክል ጋር የተዳቀለው ዘር ብዙውን ጊዜ እንደሚበረታ አሳየ። ዳርዊን ራሱ የተጠራጠረው የኦርኪዶች ማታለል በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ። ካርል ፎን ፍሪሽም በ1914 ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በሙከራ አረጋገጠ። ንብ የሰው ዓይን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለምታይ፣ ለእኛ አንድ ዓይነት ቀለም የሚመስሉን ብዙ አበቦች ለእርሷ ምልክት አላቸው።

ግኝቱ በኢሉባቦር

ሽፕሬንገል ኢሉባቦርን አላየም፤ ያስተማረው ግን በዚያ በየጓሮው ይታያል። በበቆሎ ማሳ ላይ ያለው የበቆሎ ወንዴ አበባ ቀለምና ሽታ ሳይኖረው ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ከአጠገቡ ያለው ዱባ ግን ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያዩ ስለሆኑ፣ ደማቅ ቢጫ ቀለሙ ንብ ካልጠራለት ፍሬ አይዝም።

ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የቡና ተክል በነጫጭና መዓዛቸው በሚያውድ አበቦች ይሸፈናል። አበቦቹ የሚቆዩት ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ንቦችን የመጥሪያ ጊዜያቸው አጭር ነው። ዓረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማራባት ቢችልም፣ ንቦች ሲጎበኙት የሚይዘው ፍሬ ሊጨምር ይችላል። በመቱና በበደሌ መካከል ያለው የያዮ የቡና ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በአካባቢው ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀል የቆየ ልማድ ነው፤ ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘው ማርም በንጣቱ ይታወቃል። ደኑ ሲመነጠር ንቧ ማደሪያዋንና ቀለቧን ታጣለች፤ ከማሩ ጋር ቡናውም ረዳቱን ያጣል። ሽፕሬንገል በ1811 ከማርና ከሰም የበለጠ ያለው የንብ ጥቅም ይህ ነበር።