ፌሊክስ ዋንክል፦ ሞተሩና ሰውዬው

ከያቭኔ አጠገብ ካለው የፓልማኺም የአየር ኃይል ሰፈር ለብዙ ዓመታት ሲነሣ የኖረ ሰው አልባ አውሮፕላን አለ። ስሙ ሄርሜስ 450 ነው፤ በሠራዊቱ ዚክ ይሉታል። የሠራው ኤልቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ነው። ሞተሩ ግን እንደ መኪኖቻችን በፒስተን አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ነገር ይሽከረከራል። ይህን ዓይነት ሞተር ያፈለቀው ፌሊክስ ዋንክል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውዬው ናዚ ነበር፤ የኤስኤስ ማዕረግም ነበረው። የአይሁድን አገር የሚጠብቅ አውሮፕላን ከእሱ በመነጨ ሐሳብ ይበራል ማለት ነው። ታሪኩን ላቀርብላችሁ የፈለግኩት ለዚህ ነው። እንደ ሌሎች ባለታሪኮች አንቱ ሳልል እሱ እያልኩ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወላጆቻችን ይረዱኛል ብዬ አስባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ዋንክል የተወለደው ኦገስት 13 ቀን 1902 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ላር በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የደን ሥራ ባለሙያ ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጀመረበት በ1914 ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። እናትና ልጅ ወደ ሃይደልበርግ ሄዱ። የልጁ ዓይን በጣም ደካማ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ኖረ። በ1921 እኛ ባግሩት የምንለውን ፈተና ሳይወስድ ትምህርቱን አቆመ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል አልገባም። አንድ የመጻሕፍት አሳታሚ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ቴክኒክ ራሱን አስተማረ። በ1924 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንድ ጓሮ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1929 ነው።

ከናዚዎች ጋር

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል፤ አባት የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ዲፕሎማ የሌለው ልጅ በእጁ ሥራ ሲያድግ። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ዋንክል ገና በ19 ዓመቱ አይሁድን የሚጠላ ማኅበር ገባ። በ1922 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ወጣቶችን እየሰበሰበ እንደ ወታደር ያሠለጥን ነበር፤ በ1931 ደግሞ በባደን ክፍለ ሀገር የሂትለር ወጣቶች መሪ አደረጉት። እንግዲህ እሱም የወጣቶች መሪ ነበር!

ከዚያ ከአካባቢው የፓርቲ አለቃ ከሮበርት ዋግነር ጋር ተጣላ፤ አለቃውን በሙስና ከሰሰው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ዋግነር አሰረው፤ የወጣውም ለሂትለር ቅርብ በሆነ ሰው አማላጅነት ነው። ይህን ሰምቶ ናዚን ተቃወመ ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ ግን ጠቡ ከአንድ አለቃ ጋር እንጂ ከሐሳቡ ጋር አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ በአየር ኃይል ሚኒስቴሩ ገንዘብ በሊንዳው ከተማ ወርክሾፕ ተከፈተለትና ለጦር አውሮፕላን ሞተሮች ሠራ። በ1940 ኤስኤስ የሌተና ኮሎኔል ያህል ማዕረግ ሰጠው፤ በ1942 ደግሞ መልሶ አስወጣው። ጦርነቱ ሲያልቅ ፈረንሳዮች ወርክሾፑን ነቃቀሉት፤ እሱንም እስከ 1946 አሰሩት።

ሞተሩ

በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ ቆም ብሎ መመለስ አለበት፤ ንቅናቄውም ከዚያ ይመጣል። በዋንክል ሞተር ግን ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሦስቱ ጎኖቹ በየተራ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ያስወጣሉ። ቫልቮላ የሚባል ነገር የለውም።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል አይደል? ከባዱ ነገር መዝጊያው ነው። በፒስተን ላይ የጋራዥ ሰዎች ፋሻ የሚሉት ቀለበት ጋዙ እንዳያመልጥ ይይዛል። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ግን ቀለበት መግጠም አይቻልም፤ በቀጫጭን መዝጊያዎች መያዝ አለበት። ዋንክል ከሃያ ዓመት በላይ የለፋው በዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኤንኤስዩ ከተባለው የሞተር ብስክሌትና የመኪና ኩባንያ ጋር ተስማማ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1957 የመጀመሪያው ሞተር በኩባንያው ውስጥ ሠራ። በዚያኛው ሮተሩም ቤቱም ይዞሩ ነበር። ሃንስ ዲተር ፓሽከ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ቤቱ ቆሞ ሮተሩ ብቻ እንዲዞር አድርጎ አቀለለው። ዋንክል አልወደደለትም፤ ዓለም የተቀበለው ግን የፓሽከን ነው።

ኤንኤስዩ በ1967 ሮ 80 የምትባል መኪና አወጣ፤ የ1968 የዓመቱ መኪና ተብላ በአውሮፓ ተሸለመች። ግን መዝጊያዎቹ ቶሎ ያልቁ ስለነበር ኩባንያው በነፃ ሞተር ሲቀይር ከሰረ፤ በ1969 በፎልክስቫገን እጅ ገባ።

ችግሩን በትዕግሥት የፈቱት በሂሮሺማ ያሉ የማዝዳ ሰዎች ናቸው። ኬንኢቺ ያማሞቶና 47 መሐንዲሶቹ መዝጊያውን ከካርቦንና ከአሉሚኒየም ሠርተው በ1967 ባለ ሁለት ሮተሯን ኮስሞ ለገበያ አወጡ። በ1991 ደግሞ ባለ አራት ሮተር የማዝዳ 787ቢ መኪና በፈረንሳይ የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈች። ጉልበቷ 700 ፈረስ ያህል ነበር።

የጭሱ መውጫ

ዛሬ የማዝዳን ክፍሎች ወስደው ባለ ሦስትና ባለ አራት ሮተር ሞተር በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። መኪና ለምትወዱ ወንድሞቼና እህቶቼ ትንሽ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ችግር ዘንጉ ነው። ሮተሮቹ ከሁለት ሲበልጡ ዘንጉ መካከል ላይ ተጨማሪ ደጋፊ ይፈልጋል፤ ደጋፊው ደግሞ በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ አልፎ አይገባም። ስለዚህ ዘንጉ በቁራጭ ተሠርቶ ፍጹም ቀጥ ብሎ መጋጠም አለበት።

ሁለተኛው ጭሱ ወደ ማርሚታ፣ እዚህ አገር ኤግዞዝ ወደምንለው፣ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ የሮተሩ ጫፍ ሲያልፍ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ሰፋ ካደረጋችሁትና ቀደም ብሎ ከተከፈተ ጭሱ ቶሎ ይወጣል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ጉልበት ይጨምራል። ግን ጩኸቱም ይበዛል፣ ቤንዚንም ይበላል፣ በዝግታ ስትነዱም ሞተሩ ይደክማል። ከመጠን በላይ ካሰፋችሁት ደግሞ መዝጊያው ሲያልፍ ደጋፊ አጥቶ ወደ ቀዳዳው ይጎብጣል፤ ጠርዙ በደንብ ካልተሞረደም ይሰበራል። ዘንጉ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ መዝጊያ በሴኮንድ 150 ጊዜ ያልፋል። አንድ ሻካራ ቦታ ይበቃል። ማዝዳ በ2003 በወጣችው አርኤክስ 8 ላይ ቀዳዳውን ወደ ጎን ያዞረው ጭሱን ለማጥራት ነው፤ መዝጊያዎቹም ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ አያልፉም።

መጨረሻው

ዋንክል ሀብታም ሆነ። በ1969 የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ ላልገባው ሰው የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ1971 ኩባንያውን በ100 ሚሊዮን ማርክ ሸጠ። በ1972 በላቦራቶሪ የሚሠቃዩ እንስሳትን ለሚያድን ምርምር ሽልማት አቋቋመ። ለእንስሳ የሚራራ ልብ ነበረው ማለት ነው፤ በወጣትነቱ ግን ሰውን ከሰው ከሚለይ ቡድን ጋር ሄዷል። ኦክቶበር 9 ቀን 1988 በሃይደልበርግ ሞተ።

ታዲያ ሞተሩን እንጥላው? እኔ አይመስለኝም። ሞተሩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የፓሽከ፣ የያማሞቶና የብዙ ሠራተኞች ድካም አለበት። ዕውቀት ደግሞ ለተማረው ሁሉ ነው፤ የዚህ አገር ሰዎች ተምረውት ለራሳቸው መከላከያ አውለውታል። ሞተሩን ስናደንቅ ግን ሰውዬውን እንድናደንቅ የሚያስገድደን የለም፤ ታሪኩንም ግማሹን ብቻ መንገር የለብንም።

ወላጆቻችን፣ በቂርያት ማላኪም ሆነ በገደራ ወይም በያቭኔ፣ ባግሩት ያልሞላለት ልጅ ሙሳኽ ውስጥ እጁን ቅባት ሲያስነካ ብታዩት አትዘኑ፤ ከዚያም ትልቅ ነገር ይወጣል። ይልቅ ማታ ከማን ጋር እንደሚውልና ምን እንደሚሰማ ጠይቁት። ዋንክል ሞተር መሥራትን ለብቻው ተማረ፤ ጥላቻን ግን ሌሎች አስተማሩት፤ እናቱም በላር የናዚ ፓርቲን ካቋቋሙት አንዷ ነበረች።