ድል ከሩጫው በፊት፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ የዝግጅት ሕይወት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት ለመቀበል በሚሰናዱበት ምሽት በጣሊያን ርዕሰ ከተማ ሮም አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀዳጀ። ወታደሩ አበበ ቢቂላ ነበር። ድሉ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሲሆን፣ አበበም የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ለመሆን በቅቷል።

ከዚያች ምሽት በፊት ስሙን የሚያውቅ የውጭ ሀገር ሰው እምብዛም አልነበረም። በዚህም የተነሳ ድሉ እንደ ድንገተኛ ክስተት፣ ባዶ እግሩም እንደ ድህነት ምልክት ሲነገር ቆይቷል። የአትሌቱ የሕይወት ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የሮም ድል ለዓመታት የተካሄደ፣ በሰዓትና በርቀት እየተለካ የተከናወነ ዝግጅት ውጤት ነበር።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ደጋ፣ በመንዲዳ አካባቢ በምትገኘው የጃቶ መንደር ከአባቱ ከአቶ ቢቂላ ደምሴ እና ከእናቱ ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። የልጅነት ዘመኑ ከፋሺስት ጣሊያን ወረራ ጋር የተገጣጠመ በመሆኑ ቤተሰቡ ከመንደሩ ርቆ ለመቆየት ተገዷል። ሰላም ሲሰፍን ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰው ታዳጊ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከብት ሲጠብቅና የገና ጨዋታ ሲጫወት አደገ።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚህ ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብቶች ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ በመመለስ በየዕለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ተመዝግቧል። ይህ የዕለት ተዕለት ጉዞ በኋላ ለተከተለው ሥልጠና መሠረት ሆኗል።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ከተማ በተካሄደው የኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፈች። ልዑካኑ ሯጮችንና የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ያቀፈ ነበር። ከውድድሩ የተመለሱት ስፖርተኞች የሀገራቸው ስም የተጻፈበትን ልብስ ለብሰው በሰልፍ ሲያልፉ ወጣቱ ወታደር ተመለከታቸው። ማንነታቸውን ጠይቆ ሲረዳ እሱም ያንን ልብስ ለመልበስ ቆርጦ እንደተነሳ ይነገራል። ሜዳሊያ ባይገኝም የሜልቦርን ተሳትፎ ለቀጣዩ ትውልድ መንገድ ከፍቷል ለማለት ይቻላል።

የአበበን ተሰጥኦ አስተውለው በሥርዓት የቀረጹት እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። የአሠልጣኙ ሥልጠና በአንድ ዓይነት ሩጫ ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ለጽናት የሚረዳ ረጅም ሩጫ በኮረብታማ መንገዶች ላይ፣ ፍጥነትን የሚያዳብር አጫጭር ድግግሞሽ በስታዲየም ውስጥ፣ ለጡንቻ ጥንካሬ የሚበጅ የሀገር አቋራጭ ሩጫ ደግሞ በሜዳና በገደላገደል ይሰጥ ነበር። ውጤቱም በሰዓት እየተለካ በየጊዜው ይገመገም ነበር።

የሥልጠናው ቦታ ራሱ አንዱ የዝግጅቱ አካል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጂን ያነሰ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ከሚገኙት የአብደራፊና የመተማ ቆላዎች ወደ ደጋ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። በከፍታው ላይ የሚኖርና የሚሠለጥን ሰው ግን ኦክስጂን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳቱ ስለሚበዙ ዝቅ ባለ ስፍራ ሲወዳደር ተጠቃሚ ይሆናል።

በመጋቢት ወር 1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ የፈጸመው አበበ፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የማራቶን ውድድር ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በተካሄደው ሁለተኛ ውድድር ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ውጤቱ በከፍተኛ ቦታ ላይ መገኘቱ ሲታሰብ አትሌቱ ለሮም ብቁ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አልነበረም። በመሆኑም አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ በማራቶን ሀገራቸውን እንዲወክሉ ተመረጡ።

ሮም ከተደረሰ በኋላም ዝግጅቱ አልተቋረጠም። አሠልጣኙና አትሌቱ የውድድሩን መንገድ አስቀድመው ተመልክተዋል። በቅኝታቸውም ወቅት ከመድረሻው 1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ የአክሱም ሐውልት ቆሞ አገኙት። ሐውልቱ በወረራው ዘመን ከአክሱም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 በዚያ የተተከለ ነበር። አበበ ፍጥነቱን መጨመር ያለበት እዚያው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ እንዲሆን ተወሰነ። ለሩጫው የተመረጠው ምልክት በዚህ ረገድ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረው።

የጫማው ጉዳይም በውድድሩ ዋዜማ መፍትሔ አገኘ። የተገኙት አዳዲስ ጫማዎች ለአበበ እግር የማይስማሙና ውኃ የሚያስቋጥሩ ሆነው ተገኙ። አትሌቱ በሀገሩ በጫማም ሆነ ያለ ጫማ ሲለማመድ የቆየ በመሆኑ በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተወሰነ። ውሳኔው ያልተፈተነ ጫማ ከመልበስ የተፈተነ እግርን የመረጠ ነበር። በረጅም ርቀት ውድድር፣ በእግርም ሆነ በብስክሌት፣ በልምምድ ያልተሞከረ መሣሪያ በውድድር ዕለት መጠቀም ጉዳት እንደሚያስከትል ዛሬም አሠልጣኞች ይስማሙበታል።

ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አበበ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከመሪዎቹ ጀርባ ሆኖ ኃይሉን ቆጠበ። በዋነኛ ተፎካካሪነት እንዲጠብቀው የተነገረው ሞሮኮአዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ሲሆን፣ ይለብሳል የተባለው ቁጥር 26 ነበር። ራዲ ግን ሌላ ቁጥር ለብሶ በመሰለፉ አበበ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ ጎን ለጎን አብሮት የሚሮጠው ሰው ያ ተፎካካሪ መሆኑን አላወቀም። ቁጥር 26 ገና ከፊት እንዳለ በማሰብ ሩጫውን ቀጠለ። ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት ጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ሁለቱ አትሌቶች እኩል ተጓዙ። የአክሱም ሐውልት ዘንድ ሲደርሱ አበበ በዕቅዱ መሠረት ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የመድረሻውን መስመር ሲያልፍ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ ነበር። ይህም እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሰዓቶች ሁሉ የፈጠነ ሆነ። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛ፣ አበበ ዋቅጅራ ደግሞ ሰባተኛ ሆነው ገቡ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ዳግም ቆሟል።

በቀጣዩ ዓመት አበበ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ከተሞች በተካሄዱ ማራቶኖች አሸነፈ። በሚያዝያ ወር 1955 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ ቦስተን ከማሞ ወልዴ ጋር በከፍተኛ ፍጥነት ሲመራ ከቆየ በኋላ ቀዝቃዛው ነፋስና በመንገዱ መጨረሻ የሚገኙት ኮረብታዎች ጎድተውት አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዓለም አቀፍ ማራቶን ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረበት ብቸኛው ውድድር ይኸው ነው። ሽንፈቱ ጠንካራ አካል ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ የመንገዱንና የአየሩን ጠባይ አስቀድሞ ማጥናትና ኃይልን መመጠን እንደሚያስፈልግ አመልክቷል።

የአበበ ዝግጅት ከሁሉም በላይ የተፈተነው ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ በልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ተሰማው። የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ ታውቆም መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ ሊካሄድ የቀሩት 35 ቀናት ብቻ ነበሩ። ብዙዎች ተስፋ ቢቆርጡም ከዓመታት ሥልጠና የተገኘው ብቃት በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት የሚጠፋ አልነበረም። አትሌቱ ቁስሉ እንደጠገገ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ተመልሶ ከቡድኑ ጋር ወደ ጃፓን ተጓዘ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። በመጀመሪያው የውድድሩ ክፍል ይመሩ የነበሩትን አውስትራሊያዊውን ሮን ክላርክንና አየርላንዳዊውን ጂም ሆጋንን ጥሎ በመሄድ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ፈጸመ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበም በሜዳው ሣር ላይ የሰውነት ማሳሳቢያ እንቅስቃሴ ሲያደርግ ተመልካቹ በአድናቆት ተከታተለው። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው አትሌት ሆነ።

ለሦስተኛ ድል የተደረገው ጥረት ግን አልተሳካም። አበበ ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ በፊት ጀምሮ የእግር ሕመም ያስቸግረው ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በተካሄደው ውድድር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለጠናበት አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ። በዚያው ውድድር የሥልጠና ባልደረባው ማሞ ወልዴ የወርቅ ሜዳሊያውን በመውሰድ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ድል አስገኘ። አንድ አትሌት ሲደክም ሌላው መተካቱ ዝግጅቱ የአንድ ግለሰብ ብቻ እንዳልነበረ አረጋገጠ።

ከአምስት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት፣ በሻምበልነት ማዕረግ ላይ የነበረው አበበ ያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከባድ የአከርካሪ ጉዳት ደረሰበት። በእንግሊዝ ሀገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለስምንት ወራት ያህል ሕክምና ቢደረግለትም እግሮቹ ዳግም ሊንቀሳቀሱ አልቻሉም። የዓለምን ረጅም መንገዶች ያሸነፉት እግሮች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ለውድድር የመዘጋጀት ልማዱ ከእግሮቹ ጋር አልቆመም። በእጆቹና በትከሻዎቹ ላይ አዲስ ሥልጠና ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በቀጣዩ ዓመት በኖርዌይ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ የተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 የክብር እንግዳ ሆኖ በሙኒክ ኦሊምፒክ ሲገኝ ተመልካቹ ከመቀመጫው በመነሳት በጭብጨባ ተቀብሎታል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ንጉሠ ነገሥቱና 65 ሺህ እንደሚሆን የተገመተ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ። የአራት ልጆች አባት ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአበበ ቢቂላ ስታዲየም በስሙ ይጠራል።

ከሱ በኋላ ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠርና ሌሎች የረጅም ርቀት ጀግኖች ተከታትለው ተነስተዋል። ሁሉም የተከተሉት መንገድ አበበ በሱሉልታ ኮረብቶች ላይ የጀመረው ነው። ሮምና ቶኪዮ ያዩት የሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሩጫ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ተመልካች፣ ጭብጨባና ሜዳሊያ በሌለበት በእንጦጦ ዳገት ላይ በየማለዳው ብቻውን አሸንፏቸዋል።